አንቺ፣ አንተ፣ አንቱ፦ በከሚሴ አካባቢ አንደበት ስለተሸሸገ ሴትነት

የአማርኛ ልብ ወለድ የተጀመረው የወንድ ልብስ በለበሰች ልጃገረድ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮማ ላይ ባሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ ጦቢያ የጠፋውን መንትያ ወንድሟን ዋሕድን ፍለጋ ከአባቷ ጋር የምትወጣው ወንድ መስላ ነው። በንጉሡ ቤት ያለች ልጃገረድ ወንድ መስላት ትወዳታለች፤ ታሪኩ የሚወሳሰበውም የሚፈታውም በዚሁ ልብስ ሳቢያ ነው። ይህን ሥራ ስናስተምር ስለ ግብረ ገብ ትምህርቱ፣ ስለ ሃይማኖታዊ መልእክቱ፣ ስለ ቋንቋው ለዛ ብዙ እንላለን። ልብሱን ግን «የሴራ ማወሳሰቢያ ዘዴ ነው» ብለን እናልፈዋለን፤ ተማሪዎችም ይህንኑ በፈተና ወረቀታቸው ላይ መልሰው ይጽፉልናል።

ለጦቢያ የተሰጠው ፈቃድ ከእርሷም በፊት የነበረ ነው። በስንክሳር የምትታወሰው እንባ መሪና በወንድ ልብስ በወንዶች ገዳም መኖሯ ከቅድስናዋ ጋር ይነበባል እንጂ አይነቀፍም። በዕለት ንግግራችንም «ወንድ ናት» ማለት ምስጋና ነው፤ «ሴት ነው» ማለት ግን ደም የሚያፈላ ስድብ ነው። አንደኛው ጉዞ ሽቅብ፣ ሌላው ቁልቁል ተደርጎ ስለሚታይ፣ ለአንደኛው ሥነ ጽሑፋችን ጀግና ሲያቆምለት ለሌላው ያቆመለት ቢኖር መሳቂያ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሁለተኛው ጉዞ በታተመው ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ማደሪያ ሲያጣ የት ተጠልሎ እንደኖረ መመርመር ነው። ምሳሌዎቼን በአብዛኛው የምወስደው ከከሚሴና ከዙሪያዋ፣ ማለትም በአማራ ክልል ውስጥ ካለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው። አካባቢው አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ሰው አፍ፣ አንዳንዴም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚገናኙበት በመሆኑ ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ነው። ሌላው ምክንያት ያደግሁት እዚያ ስለሆነና ጉዳዩ የራሴም ስለሆነ ነው። ወንድ ተብዬ ተመዝግቤአለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ወንድነቱ አይከብደኝም። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ለቀናትም ለሳምንታትም ሊሆን ይችላል፣ «አንተ» የሚለው ጥሪ ለሌላ ሰው የተላከ ደብዳቤ በስህተት እጄ እንደገባ ያህል ይሆንብኛል። ይህን የማነሣው ኑዛዜ ለመጻፍ ሳይሆን አንባቢ ሐያሲው የቆመበትን ቦታ ማወቅ ስለሚገባው ነው። ከዚህ በላይ ስለ ራሴ ብዙ አልልም፤ ለምን እንደሆነ የአገራችንን ሁኔታ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል።

ከሰዋስው እንነሣ። ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ያሳተሙትን «የአማርኛ ሰዋስው» ወይም ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡትን የአማርኛ ሰዋስው የገለጠ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የአማርኛ ግሥ በሁለተኛ መደብ ነጠላ ቁጥር ላይ ጾታን ያስገድዳል። «መጣህ» ወይም «መጣሽ» ነው፤ መሐል የለም። ውሃ ለመለመንም ሆነ መንገድ ለመጠየቅ አስቀድሞ በሰውየው ላይ ፍርድ መስጠት ግድ ይላል። «እኔ» ግን ከዚህ ነፃ ነው። «መጣሁ» ያለው ሰው ወንድ ይሁን ሴት ግሡ አይናገርበትም። «ልጅ»፣ «ቆንጆ»፣ «ሰው» የሚሉት ቃላትም እንዲሁ ዝም ይላሉ። በዚህ ምክንያት አማርኛ ግጥም ውስጥ የሚናገረው «እኔ» ከየትኛውም አካል ሊወጣ የሚችል ድምፅ ነው። ሒሳችን ግን ይህን ክፍት በር ቶሎ ይዘጋዋል፤ ግጥሙ «አንቺ» ብሎ ከጠራ ተናጋሪው ወንድ ነው ብሎ ይደመድማል።

ድምዳሜው ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ለማየት ከሙዚቃችን አራት ቅኝቶች ሁለቱን ማሰብ ይበቃል። ባቲ ስሙን የሚጋራው ከዚሁ ዞን ከተማ ጋር ነው። አንቺሆዬ ደግሞ ስሙ ራሱ ሴትን የሚጠራ ነው። የወሎ ዜማ ሲነሣ ማሪቱ ለገሠን የማያስታውስ የለም። ሴት ድምፃውያን ሴትን የሚጠራ ግጥም ሲያዜሙ የሚደናገጥ አድማጭ አላየሁም። «ባህሉ ነው፣ ግጥሙ የወንድ ነው፣ እሷ አዜመችው» ይባላል። እንግዲህ ድምፅ ከአካል ተለይቶ መሄድ እንደሚችል አድማጩ ጥንቱንም ያውቃል ማለት ነው። የማያውቀው ሐያሲው ነው።

ሌላው መጠለያ «አንቱ» ነው። በአዲስ አበባ «እርስዎ» የሚሰማበት ቦታ ላይ ወሎ «አንቱ» ይላል፤ «አንቱ መጡ» ሲባል ጾታው ይጠፋል፤ ክብሩ ብቻ ይቀራል። መጠለያው ግን ዕድሜ ወይም ማዕረግ ያስከፍላል። አንድ ወጣት እስኪሸብት ድረስ መጠበቅ አለበት። በመምህርነቴ የመጀመሪያውን «አንቱ» ከገጠር ከመጣ ተማሪ ስሰማ የተሰማኝ እፎይታ የመከበር ብቻ አልነበረም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ራሱ «አንቺ» ነው። አማርኛ አንስታይ ጾታን ለማሳነስም ለማቆላመጥም ይጠቀምበታል፤ «ቤቷ ጠባብ ናት» እንደምንለው ሁሉ። እናቶች ወንድ ልጃቸውን «ነይ እስቲ፣ ምን ሆነሽብኝ ነው?» ብለው ያባብላሉ። ይህ ፈቃድ ልጁ ከፍ ሲል፣ ማንም ሳያውጅ፣ ይነጠቃል። ከዚያ በኋላ «አንቺ» ወንድን የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው፦ በቅርብ ወዳጆች መካከል በቀልድ፣ በጠብ ጊዜ በስድብ። ጫት ተዘርግቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ወዳጅ ለወዳጁ «አንቺ እኮ!» ሲለው ሁሉም ይስቃል። ሳቁ ሰሙ ነው። ከሳቂዎቹ መካከል ቃሉን በልቡ ይዞት ወደ ቤቱ የሚሄድ አንድ ሰው ቢኖር ወርቁ ለእርሱ ብቻ ነው። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ሲተነተን ወርቁን ያስቀመጠው ባለቅኔው እንደሆነ ይታመናል። እዚህ ላይ ግን ወርቁን ያስቀመጠ የለም፤ የተቀበለው ሰው ነው ያገኘው። የአንባቢን ድርሻ የሚያጎሉ ንድፈ ሐሳቦችን ከውጭ ስናመጣ ይህንን የቤታችንን ምሳሌ አለመጠቀማችን ያስገርመኛል።

በጨፋ ሜዳና በቦርከና ዳርቻ ያደገ ልጅ ደግሞ አንድ ተጨማሪ በር አለው። ኦሮምኛ በሁለተኛ መደብ ጾታ አይጠይቅም። «አቲ» ለወንድም ለሴትም ነው። ከዚያም አልፎ በኃላፊ ጊዜ «አቲ ዹፍቴ» (አንተም አንቺም መጣህ፣ መጣሽ) እና «ኢሼን ዹፍቴ» (እሷ መጣች) ግሣቸው አንድ ነው። የቋንቋ ታሪክ አዋቂ ይህ የኩሻዊ ቋንቋዎች የቆየ የድምፅ ግጥጥሞሽ እንጂ ሐሳብ የለበትም ይለኛል፤ ትክክል ነው። ሆኖም ቋንቋ ተናጋሪ የሰዋስው ታሪክ እያሰበ አይናገርም። በኦሮምኛ «መጣህ ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «መጣች ወይ?» የሚለውን ግሥ ይሰማል፤ ማንም ምንም አልተናገረም፤ ማንም የሚጠረጥረው የለም። አንዳንድ ቀን በገበያ መሐል ያለ ምክንያት ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ የምዞርበት ምክንያት ይህ ነበር። የቋንቋ መቀያየርን የሚያጠኑ ባልደረቦቼ ርዕሰ ጉዳይን፣ ተነጋጋሪን፣ ቦታን ይቆጥራሉ። ከጾታ ግሥ መሸሽን በዝርዝራቸው ውስጥ አላገኘሁትም።

ዕቃም እንደ ግሥ ነው። ለሙስሊም ወንድ ዓይን መኳል ከነቢዩ ሱና የሚቆጠር በመሆኑ ኩል የሴት ብቻ አይደለም። አዛውንት ጺማቸውን ሂና ያቀላሉ። ወንዱ ሽርጥ ያገለድማል፤ ለዓርብ ጸሎት ሽቶ ይቀባል። በሰኞው የባቲ ገበያ ከቆላ የወጣው የአፋር ጎረምሳ ጸጉሩን ቅቤ አብልቶ ይታያል። የመሐል አገር ሰው «የሴት» የሚለው ብዙ ነገር እዚህ የወንድ ጌጥ ነው። ይሁን እንጂ ወሰኑ የለም ማለት አይደለም፤ ወሰኑ ቀጭን ነው እንጂ። ያው ሂና በጺም ላይ ሲሆን ደግ ሰውነት፣ በመዳፍ ላይ ሲሆን ነውር ነው። ያው ኩል በሱና ስም ሲኳል ያስመሰግናል፤ መስተዋት ፊት ቆይቶ የተኳለ መሆኑ ከታወቀ ያስጠረጥራል። ንግግርም እንዲሁ ነው፤ «ምን አውቄ እቴ» የምትለው ማሳረፊያ «እኅቴ» ከሚለው የመጣች ስትሆን ከሴት አፍ ስትወጣ ማንም አይሰማትም፤ ወንድ ከደጋገማት ግን ጆሮ ይቀሰራል። ተሸሽጎ የሚኖር ሰው ጥበቡ አዲስ ነገር መፍጠር አይደለም። የተፈቀደውን ነገር ትንሽ አቆይቶ፣ ትንሽ አጥልቆ መያዝ ነው። ግጥም ስንተነትን «የቃላት መረጣ» የምንለው ከዚህ በምን ይለያል?

መጠንቀቁ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚቀጣው በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ድርጊት ነው፤ ስለ ኩልና ስለ «ነይ» የሚለው ነገር የለም። ሰፈር ግን አንቀጽ አይለይም።

ወደ ዛር ስንመጣ ነገሩ ክዋኔ ይሆናል። (በወሎ ውዳጃን ከዛር ጋር የሚደባልቁ አሉ። ውዳጃ ከበሮና ቡና ቢኖረውም ጸሎት ነው፤ በኦሮምኛ «ሴት» ማለት ብቻ የሆነው «ዱበርቲ» የሚለው ቃልም በወሎ ለዱዓቸውና ለምርቃታቸው የሚፈለጉ እናቶች መጠሪያ የሆነው በዚሁ ባህል ነው። ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ የበረታው የሃይማኖት ተግሣጽ ሁለቱንም አጥብቧቸዋል።) ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር፣ መልካም አያሁ ከተባሉት የዛር ባለሟል ቤት ያየውን በ1958 መጽሐፍ አድርጎ ሲያወጣ ሥርዓቱን «የሚኖሩት ቲያትር» ብሎ ከሚተወነው ቲያትር ለየው። መልካም አያሁ ሴት ናቸው፤ ከሚወርዱባቸው መካከል ግን እንደ አባ ዮሴፍ ያሉ ወንድ ዛሮች ነበሩ። የተገላቢጦሹም አለ፤ ወንድ የሴት ዛር ፈረስ ይሆናል። ዛሯ ስትወርድ ቀሚስ ትጠይቃለች፣ ሽቶ ትጠይቃለች፣ ጌጥ ትጠይቃለች፤ ቤተሰቡም ይሰጣል። እሱ ራሱ ቢጠይቅ በዱላ ይባረር ነበር። አሁን ግን የጠየቀው እሱ አይደለም፤ የጠየቀችው እሷ ናት። ነገሩ በሙሉ የመደብ ለውጥ ነው፦ ከ«እኔ እፈልጋለሁ» ወደ «እሷ ትፈልጋለች»።

አይ. ኤም. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሥራ የመናፍስትን ልክፍት የተገፉ ሰዎች፣ በተለይም የሴቶች፣ የተዘዋዋሪ ተቃውሞ አድርጎ አይቶታል። ንባቡ ብዙ ነገር ያበራል። ነገር ግን በሴት ዛር የተያዘውን ወንድ ከተናቁት መካከል አስገብቶ ሲያልፈው ጥያቄውን ይስተዋል፤ ይህ ሰው የሚፈልገው ከባል ልብስ ማስገዛት ወይም ከጌታ ርኅራኄ ማግኘት አይደለም። ሌሪስም ቢሆን «ቲያትር» ሲል ውበቱን አየ እንጂ ዋጋውን አልቆጠረም። ሴትነቱ የሚፈቀድለት በሽተኛ ሆኖ ነው። ቀሚሱ የመድኃኒት ያህል በመጠን ይሰጠዋል፤ ዛሯ ስትሄድ ይሰበሰባል። እኔ ይህን መጠለያ አላወድሰውም፤ ሌላ ባልነበረበት ቦታ ግን መጠለያ እንደነበር አልክድም።

መድረካችንም ተመሳሳይ ዕድል ሰጥቶ ነበር። አስናቀች ወርቁን የመሰሉ ሴቶች ወደ መድረክ ከመውጣታቸው በፊት የሴት ገጸ ባሕርይን የሚጫወቱት ወንዶች እንደነበሩ የቲያትር ታሪካችን ይናገራል። ታሪኩ የሚጻፈው ስለ ሴቶች መከልከል ነው፤ መጻፉም ተገቢ ነው። ከእነዚያ ተዋንያን መካከል ግን ሻሹን ሲፈታ ቅር የሚለው እንደነበረ የጠየቀ አላጋጠመኝም።

አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ አማራ ደጋማ ሕዝብ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት እንደ ሴት ስለሚኖሩ ወንዶች ጥቂት መስመሮች ጽፏል። የሰጠው መጠሪያ በቁም ፍቺው «ወንድም ሴትም» ማለት ሲሆን፣ ገበሬው እነዚህን ሰዎች የእግዚአብሔር ስህተት አድርጎ ያያቸው እንደነበርና እንደማይወቅሳቸው አስፍሯል። «ስህተት» መባል ክብር አይደለም። ሆኖም ከዛሬው ስድብ ጋር ሳስተያየው የዚያ ዘመን ገበሬ ጥፋቱን ከሰውየው ላይ አንሥቶ ወደ ላይ ማሻገሩ ያስቀናኛል። ከዛሬዎቹ ቃላት «ሴታሴት» ንቀት ብቻ ነው፤ «ፍናፍንት» አካልን እንጂ ሰውን አያይም፤ «ወንዳገረድ» ከሁለት ደህና ቃላት ተሠርቶ ሳለ ከስድብ ውጭ የሚያውለው የለም። ከውጭ የሚመጡት አዳዲስ ቃላት ደግሞ የከተማ ናቸው፤ ከሚሴ ላይ እናቴ ጋር ሊያደርሱኝ አይችሉም። ቃል የጎደለው ይመስለናል፤ የጎደለው ግን ቃሉ ያለ ንቀት የሚነገርበት ዐረፍተ ነገር ነው። ዐረፍተ ነገር መሥራት ደግሞ የጸሐፍት ሥራ ነው። የዛሬ ጸሐፊ ጦቢያን ገልብጦ፣ እንደ ሴት ለብሶ የሚሄድ ወንድም ቢጽፍልን «ወንድሜ ዋሕድ መጣ» ወይም «መጣች» ብሎ አንዱን መምረጥ ይኖርበታል፤ ወይም ባለ ታሪኩ ራሱ በ«እኔ» እንዲተርክ ያደርጋል። ሦስተኛው መንገድ ገና አልተሞከረም።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን ነገር ማረም እንችላለን። ተማሪዎቻችንን ሥነ ቃል እንዲሰበስቡ ወደ ወሎ ስንልክ የምንሰጣቸው ቅጽ ላይ «ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ» የሚል ሣጥን አለ። ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪ በሴት ዛር የተያዘን ወንድ ዜማ ቀድቶ አመጣልኝ። ግሦቹ ሁሉ አንስታይ ናቸው፤ ከዋኙ «መጣሁ» ከማለት በቀር ስለ ራሱ በወንድ አንቀጽ የተናገረው የለም። በሣጥኑ ውስጥ «ወ» ተጽፏል፤ ከዚያ ተሰርዞ «ሴ»፤ ከዚያ እርሱም ተሰርዟል። ልጁ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ሲጀምር ወረቀቱን እንዳያስተካክለው ነገርኩትና እንዳለ ፋይል ውስጥ አስገባሁት።