በጠባብ ስፍራ ስለ ተጻፈው ሰንጠረዥ

አንድን ሥራ ለመመዘን የሚነሣ ሰው፣ አስቀድሞ ሠሪው የነበረውን መሣሪያ መመርመር ይገባዋል። ዛሬ የምንመለከተው ዴቪድ ሆርን «ዜድ ኤክስ 81» ለተባለው የቤት ኮምፒዩተር ያዘጋጀውን ሰንጠረዥ ነው። ይህ በ1981 (እ.ኤ.አ.) በብሪታንያ ለገበያ የወጣ ርካሽ መኪና የማስታወሻ ስፍራው 1 ኪሎ ባይት፣ ማለት 1024 ባይት ብቻ ሲሆን፣ ሥዕሉም የሚታየው በቤቱ ቴሌቪዥን ነበር። ሆርን ግን ጨዋታውን በ672 ባይት ፈጸመው። አንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል ብንቈጥረው፣ ጠቅላላው የአንድ መጽሐፍ ገጽ እኩሌታ እንኳ አይሞላም።

ከሰንጠረዥ ሕግ ሦስቱ ስለ ተቀነሱበት፣ ይህ ሰንጠረዥ ሊባል አይገባውም የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ግን ሦስቱን አንድ ባንድ ብንመዝናቸው ይሻላል እንላለን። የመጀመሪያው፣ ንጉሡ ወደ ግንቡ ተጠግቶ የሚጠለልበት እርምጃ ነው። ይህን የአባቶቻችንም ሰንጠረዥ አያውቀውም ነበርና፣ ስለ ጐደለ ጨዋታው ፈረሰ አይባልም። ሁለተኛው፣ ሁለት ቤት ተራምዶ ያለፈውን ወታደር በጐን ወታደር የመያዝ ሕግ ሲሆን፣ ይህም ብዙ ጊዜ የማይደርስ ነገር ነው። ሦስተኛው ግን ከባድ ነው፤ እስከ መጨረሻው ረድፍ የደረሰ ወታደር በዚህ ጨዋታ ሹመት አያገኝም። የወታደር ጕዞ ትርጕም የሚያገኘው ከዚህ ተስፋ ስለ ሆነ፣ እዚህ ላይ የተቈረጠው ቅርንጫፍ ሳይሆን ሥር ነው።

ይህ ችግር የሆርን ብቻ አልነበረም። በ1976 (እ.ኤ.አ.) ፒተር ጄኒንግስ «ማይክሮቼስ»ን ሲያወጣ፣ መኪናው ስድስት የሚያበሩ አኃዞች እንጂ መስተዋት አልነበረውም፤ ተጫዋቹ የእንጨት ገበታውን ከአጠገቡ ዘርግቶ የመኪናውን እርምጃ በገዛ እጁ ይፈጽም ነበር። እንዲህም ሆኖ ብዙ ሰው ገዝቶ ተጫወተበት።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ የሆርን ሥራ ለቍጠባ ምሳሌ ይሆናል፣ ለሰንጠረዥ መማሪያ ግን አይበቃም። በእርሱ ብቻ የሚማር ልጅ የወታደርን ሹመት ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ መምህራን ይህን ሥራ ለተማሪዎቻቸው ሲያሳዩ፣ የተጻፈውን እንደሚያደንቁ ሁሉ የተተወውንም እንዲነግሯቸው እናሳስባለን።