የመቆጣጠሪያው ዝንጋዔ

የወረቀት ማድረቂያን እንፋሎት መቆጣጠር በጀመርሁባቸው ዓመታት የመጀመሪያው መምህሬ መጽሐፍ ሳይሆን አንድ አዛውንት የማሽን ሠራተኛ ነበሩ፤ እርሳቸውም የወረቀቱን ጠርዝ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል አሸት አድርገው፣ መለኪያው ገና ሳያመለክት፣ «እርጥበቱ ከፍ ብሏል» ይሉኝ ነበር።

እርጥበቱን የሚያናውጠው ሁከት ከየት እንደሚነሣ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ማሽኑም ራሱ ጠባዩን ስለሚለውጥ፣ የእንፋሎቱን ቫልቭ በከፈትሁለት መጠን ትናንት የሰጠኝን ምላሽ ዛሬ አይሰጠኝም። ስለዚህ መቆጣጠሪያው እየመራ መማር፣ እየተማረም መምራት ግድ ይሆንበታል። የስዊድን ሊቃውንት ካርል ዮሃን ኦስትሮምና ቢዮርን ቪተንማርክ እ.ኤ.አ. በ1973 ራሱን በራሱ ስለሚያስተካክል መቆጣጠሪያ ባሳተሙት ጥናት ያሳዩት ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል፤ መቆጣጠሪያው ስለ ማሽኑ ጠባይ የሚይዘውን ግምት ሁከቱ ቢያዛባው እንኳ፣ ግምቱ ከረጋና ማሽኑን የሚገልጸው ቀመር መልክም ከበቃ፣ የሚገኘው አመራር የማሽኑ እውነተኛ ጠባይ ቢታወቅ ኖሮ መዋዠቁን ከሁሉ ዝቅ ያደርግ ከነበረው አመራር ጋር አንድ ይሆናል።

እኔን ግን አብልጦ ያስተማረኝ የራሴ ጥፋት ነው። ተለዋዋጩን ማሽን እንዲከተል ብዬ የዝንጋዔውን መጠን፣ ማለትም አዲስ ልኬት በመጣ ቁጥር የቀድሞዎቹ ክብደት የሚባዛበትን ቁጥር፣ 0.98 አደረግሁት፤ ይህም ማለት ተዘክሮው ከመጨረሻዎቹ 50 ያህል ልኬቶች እምብዛም አያልፍም ማለት ነው። አንድ ሌሊት ሁሉ ነገር ጸጥ አለ፤ በመዝጋቢው ወረቀት ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ሲሄድ እያየሁ ልቤ ዐረፈ። ቫልቩ ካልተንቀሳቀሰ ግን ማሽኑ ስለ ራሱ የሚናገረው የለም፤ መቆጣጠሪያውም የቀድሞውን እየዘነጋ አዲስ ሳይማር፣ በግምቱ ላይ ያለው የጥርጣሬ ልክ ማንም ሳያየው ሲያድግ ዐደረ። ሊነጋጋ ሲል ጥቂት ሁከት ብትመጣ ግምቱ በአንድ ጊዜ ዘለለ፣ ቫልቩ ከዳር እስከ ዳር ተወረወረ፣ ወረቀቱም ተበጠሰ።

አዛውንቱ ብጥስጣሹን እየሰበሰቡ፣ «ልጄ፣ ደኅና እየሄደ እንኳ ቫልቩን አልፎ አልፎ ነካ የማደርገው እኮ ለዚህ ነው» አሉኝ። የሶቪየቱ ሊቅ አሌክሳንድር ፌልድባውም እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የጻፈበት፣ መምራትንና መመርመርን በአንድነት የሚይዘው ድርብ አመራር፣ በእኒያ ጣቶች ዘንድ ያለ ቀመር ይኖር እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ቀመሩማ ከጥቂት ቀላል ጉዳዮች በቀር ተሰልቶ የማያልቅ ነው።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ ቫልቩ ዝም ባለ ጊዜ ግምቱን ማደስ አቆማለሁ፤ ተረኛው በተለወጠ ቁጥርም ቫልቩ በወረቀቱ ላይ በማይታወቅ መጠን ጥቂት ከፍና ዝቅ እንዲል አደርጋለሁ፤ ያን ጊዜ በመዝጋቢው ላይ የምትታየውን ትንሽ ሞገድ ሳላያት ወደ ቤቴ አልሄድም።