የዶርዜ ቤትና የኮንሶ እርከን በትምህርት ግቢ

በከፍተኛ ትምህርት ግቢ የሕዝብን ጥበብ ለማክበር ሲባል የዶርዜን ቤት ቅርጽ በሲሚንቶ መቅዳት ይበቃል የሚሉ አሉ። ይህ አስተያየት ግን ቅርጹን ከዕውቀቱ ይለያል። በጋሞ ደጋ የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሸምኖ ከፍ ብሎ መሠራቱ ለውበት ብቻ አይደለም፤ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው እየተቈረጠ፥ ቤቱም ዝቅ እያለ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ሲያስፈልግም በሰው ሸክም ይዛወራል። የሲሚንቶው ቅጂ ከዚህ አንዱንም አያውቅም።

ቀርከሃ ለሰፊ አዳራሽ አይሆንም የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል፤ ይሁን። ነገር ግን ልንወስደው የሚገባን ዕቃውን ሳይሆን ሕጉን ነው፤ ይኸውም ቤቱ ሲያረጅ እንዴት እንደሚጠገን ከመሠረቱ አስቀድሞ ማሰብ ነው።

የኮንሶም እርከን እንደዚሁ ነው። በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ መልክዐ ምድር ጸንቶ የኖረው በድንጋዩ ብቻ ሳይሆን በሚጠግነው ሕዝብ የጋራ ሥራ ነው፤ ጠጋኝ ያጣ እርከን በጎርፍ ይናዳል። እንግዲህ የተሸረሸረ ግቢ ለማዳን የሚነሣ መሐንዲስ ቁልቁለቱን ከመደልደሉ በፊት ካብ የሚያውቀውን ገበሬ ይጠይቅ፤ ዋጋውንም እንደ ቀን ሠራተኛ ሳይሆን እንደ መምህር ይክፈለው።