ነጭ ወረቀትና ሰው ያለበት ቤት

በፍራንክፈርት ሰሜናዊ ምዕራብ የሚገኘውና የጎተ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ግቢ ያለበት ሪድበርግ፣ በእርሻ መሬት ላይ አስቀድሞ ተነድፎ የተሠራ ሰፈር ነው። መንገዱ በወረቀት ተወጠነ፤ ነዋሪው ኋላ ገባ። ስለ ድርጅት አወቃቀር የሚጻፉ ብዙ መጻሕፍት መሥሪያ ቤትንም እንዲሁ ባዶ ማሳ አድርገው ያዩታል። ይህ አመለካከት በአገራችን ያስከተለውን ጉድለት ለመመርመር እንወዳለን።

ማይክል ሐመርና ጄምስ ቻምፒ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የሥራ ሂደት ከነጭ ወረቀት ተጀምሮ እንደገና እንዲነደፍ መከሩ። ምክሩ በ2000ዎቹ «መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ» ተብሎ በኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተሠራበት። ፍሬ አልነበረውም ብንል ሐሰት ይሆናል፤ ባለጉዳይን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ያንከራትት የነበረው አሠራር በአንድ መስኮት የተጠቃለለበት ቦታ አለ። ይሁን እንጂ ሠራተኛው እንደ አዲስ ተወዳድሮ ሲደለደል፣ ነጭ የተባለው ወረቀት በሥጋት የተሞላ ሆነ። ቶም በርንስና ጆርጅ ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጡት ጥናት ይህን አስቀድመው አሳይተው ነበር፤ ይኸውም ለሁሉም ሥራ የሚስማማ አንድ ቅርጽ እንደሌለ፣ በድርጅት ውስጥ ያለው የሥልጣንና የክብር ፉክክርም የተሻለውን ንድፍ እንኳ እንደሚያሰናክል ነው።

በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ዝም የሚል ጸሐፊ እሑድ በዕድሩ ጉባኤ ተነሥቶ ሒሳብ ይጠይቃል። ሰውየው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከደንቡ ባለቤትነት ላይ ነው። የዕድሩን ደንብ አባላቱ ራሳቸው አውጥተውታል፤ ዳኛውን መርጠውታል፤ መዋጮውንና መቀጫውን ያውቁታል። ዕድር ለመሥሪያ ቤት አርአያ ይሁን ማለታችን ግን አይደለም። ዕድር የሚተዋወቁ ሰዎች ማኅበር ነው፤ መሥሪያ ቤት የሚያገለግለው የማያውቀውን ሰው ጭምር ነው። ማክስ ቬበር ሹመቱ ከሹሙ ግል ጥቅም እንዲለይ ያስተማረው እዚህ ላይ ያስፈልገናል። ጉድለቱ የዕድሩን ልማድ የሚያውቀው ሠራተኛ በንድፉ ላይ ቃል ሳይኖረው መቅረቱ ነው።

ይህ ሂስ እኛንም አይምርም። በስደት ያለን ምሁራን ለአገራችን ስንት ንድፍ አውጥተናል! የብዙዎቻችን ወረቀት ነጭ የሆነው አገሪቱ ባዶ ስለሆነች ሳይሆን፣ የሚኖሩባትን ሰዎች ሳንጠይቅ ስለጻፍን ነው።