እረኛው ባለዋሽንትና ያልተጠራው ቶም፦ የአሸናፊ ከበደን ሥራ ከመቱ ሲያዩት

አንቺሆዬን በፒያኖ ለማጀብ የሞከረ ሰው አንድ ቦታ ላይ እጁ ይያዛል። ቅኝቱን ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላትና ላ ይሆናል። በዶ ላይ የተለመደውን ኮርድ ለማቆም ሚና ሶል ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱም የሉም። ፋን፣ ላንና ዶን አንድ ላይ ብንመታ ጆሮ የሚቀበለው ኮርድ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ግን ማረፊያው ፋ ይሆንና ዜማው ከገዛ ቤቱ ይወጣል። የጎደለውን ድምፅ ከውጭ ብንጨምርለት ደግሞ ቅኝቱ አንቺሆዬ መሆኑ ይቀራል። የፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ የሙዚቃ ድርሰት፣ መምህርነትና ጥናት በየፊናቸው ሲታዩ ሦስት ሙያ ይመስላሉ። እኔ ግን ሦስቱንም የሚያያይዛቸው ይህ ችግር ነው እላለሁ፦ በአንድ መስመር የሚጓዝ ዜማ ማንነቱን ሳያጣ ብዙ ድምፅ ካለበት ማኅበር እንዴት ይግባ?

አሸናፊ በ1938 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ ተወለዱ። በአሜሪካ ሮቸስተር በሚገኘው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው በ1962 ተመረቁ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዛሬ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የምንለውን ተቋም መሠረቱ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተርም ሆኑ። ያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር በአንድ ግቢ እንዲሰጡ መደረጉ ዛሬ ለእኛ የተለመደ ነገር ነው። አዝማሪ እየተፈለገም እየተናቀም በሚኖርበት አገር ግን ማሲንቆን የትምህርት ዓይነት ማድረግ ትልቅ እርምጃ ነበር። ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብም በዚያው ዘመን፣ በ1963፣ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቁመው ነበር። የእሳቸው መንገድ የአገሩን መሣሪያዎች ሰብስቦ ከእነሱው ኦርኬስትራ መሥራት ነው። አሸናፊ ዜማውን ይዘው ወደ አውሮፓው ኦርኬስትራ ሄዱ። ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ አደገኛ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም እዚያ ቤት ሕጉ አስቀድሞ ተጽፏል።

በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተደረሰው «እረኛው ባለዋሽንት» የዚህ ጉዞ ዋና ምስክር ነው። ለፍሉትና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሲሆን የሃንጋሪ መንግሥት ኦርኬስትራ ተጫውቶታል። አርእስቱ ዋሽንት ይላል፤ መድረክ ላይ ያለው ግን ፍሉት ነው። ዋሽንት ከሸምበቆ የሚሠራ፣ በጫፉ የሚነፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ያለው መሣሪያ ነው። ነፊው ጣቱን ከቀዳዳው ላይ ገፋ በማድረግ፣ ከንፈሩን ዘወር በማድረግ ከድምፅ ወደ ድምፅ ይንሸራተታል፤ ከፍታውን መለወጥ ሲፈልግ ረዘም ወይም አጠር ያለ ሌላ ዋሽንት ያነሳል። ፍሉት በበኩሉ በብረት ቁልፎች የተያዘ፣ አሥራ ሁለቱን ድምፆች እኩል አድርጎ የሚያከፋፍል ነው። ስለዚህ አሸናፊ ዋሽንትን ወደ ፍሉት ሲያሻግሩ ያ መንሸራተት የሚያድርበትን ሌላ ቦታ መፈለግ ነበረባቸው፤ ያገኙትም በጌጡና በፍጥነቱ ልቅነት ውስጥ ነው። ሥራው የሚያምረው ፍሉቱ ብቻውን ሲናገር ነው፤ የሚደክመውም ኦርኬስትራው መልስ ለመስጠት ሲቸኩል ነው። ይህ የእኔ ጆሮ ፍርድ ነው፤ ሌላ አድማጭ ሌላ ሊል ይችላል።

ሃንጋሪ በአጋጣሚ የተገኘች አገር አትመስለኝም። የአገሩ የሙዚቃ ደራሲዎች ባርቶክና ኮዳይ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ የገበሬውን ዘፈን ከየመንደሩ ቀርጸው ሰብስበዋል፤ ከአሮጌዎቹ የሃንጋሪ ዜማዎች ብዙዎቹ እንደ እኛዎቹ በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ኮዳይ ከዚያ ክምችት የሕፃናት ትምህርት ሠራ፣ ባርቶክም ኮርዱን ከዜማው ውስጥ ቆፍሮ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። ለአሸናፊ ከዚህ የቀረበ አርአያ አልነበረም።

ጥያቄዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሁለቱ ሃንጋሪያውያን መልሱን ያገኙት ዳር አገር ድረስ ወርደው፣ ትራንሲልቫኒያ ገብተው ነው። የእኛስ ዳር አገር? በዚያ ዘመን የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ከጎሬና ከመቱ ደጋ ተነስቶ እስከ ጋምቤላ ቆላ ይወርድ ነበር። በደጋው የኦሮሞ እረኛ ኡሉሌውን ይነፋል፤ «እረኛው ባለዋሽንት» የሚለው ስም ለመቱ ልጅ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል። ቆላው ውስጥ ግን ሌላ ነገር አለ፦ የአኙዋክ ቶም። ከእንጨት ሳጥን ላይ የተደረደሩ ምላሶች በሁለት አውራ ጣት እየተነቀሩ ይጮኻሉ። የግራው ጣት አንድ ሐረግ ይይዛል፣ የቀኙ በመካከሉ እየገባ ሌላ ይሸምናል፤ ከላይ ደግሞ የዘፋኙ ድምፅ አለ። ኮርድ የሚባል ነገር ሳይጠራ ብዙ ድምፅ አብሮ ይኖራል። በደቡብ የዶርዜዎች ዝማሬም እንዲሁ በብዙ መስመር የተጠላለፈ ነው። አሸናፊ እስከ ቡዳፔስት የተጓዙበት ጥያቄ በገዛ አገራቸው ምዕራብና ደቡብ ሲመለስ የኖረ ነበር።

የአሸናፊ ዋና ዋና ጽሑፎች ግን ያተኮሩት በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ነው። በ1971 በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት በአጠቃላይ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ነበር፤ በኋላ በየመጽሔቱ ያወጧቸው ደግሞ ስለ አዝማሪ፣ ስለ ክራርና ስለ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ እስራኤል ዜማ ናቸው። ጥናቶቹ ዛሬም የሚጠቀሱ ናቸው፤ ያለ እነሱ ስለ አዝማሪ የምናውቀው በጣም ባነሰ ነበር። ነገር ግን የትምህርት ቤቱም «ባህላዊ መሣሪያ» በአመዛኙ ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ሆኖ ቀረ። ከመቱ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ያሬድ የገባ ተማሪ ኡሉሌውን በዋሽንት በኩል ያገኘው ይሆናል። ቶም ሲሰማ ላደገው የጋምቤላ ልጅ ግን መንገዱ ይጠብበታል።

ሰውዬው ግን አንድ ቦታ ላይ የቆሙ አልነበሩም፤ ይህን አለመናገር ፍርደ ገምድልነት ነው። ኑሯቸው አሜሪካ ሆኖ በኩዊንስ ኮሌጅ፣ በብራንዳይስና በኋላም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ዓይናቸው እየሰፋ ሄደ። በ1982 ያሳተሙት የጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃን ሥር የሚመረምር መጽሐፍ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ከመላው አፍሪካና ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር በአንድ ገበታ ያቀርባል። በድርሰትም «ኮቱራሲያ» የተባለውን ሥራ ለፍሉት፣ ለክላሪኔት፣ ለቫዮሊንና ለጃፓኑ ኮቶ ጻፉ። ኮቶ ክሩ የሚነቀር፣ ቅኝቱም እንደ አምባሰል ጠባብና ሰፊ እርምጃ የሚያፈራርቅ ነው፤ ለምን እንደሳባቸው ለመገመት አያስቸግርም። በእኔ ጆሮ እዚህ ሥራ ላይ የአውሮፓውን ኮርድ ጥለው የመሣሪያዎቹን ቀለም ጎን ለጎን ማኖርን መርጠዋል፤ የአንቺሆዬን ችግር ለመፍታት ከ«እረኛው» ይልቅ የቀረቡትም እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ቶም ሊቀመጥበት የሚችለው ወንበር ይኸው ነበር።

አሸናፊ በ1998 አረፉ። ወንበሩ ላይ ቶምን ለማስቀመጥ የሚነሳ ደራሲ አስቀድሞ የሚጠብቀው ሥራ አለ። የቶም ምላሶች የሚቃኙት በባለቤታቸው ጆሮ ስለሆነ የአንዱ ቅኝት ከሌላው ጋር ልክ ለልክ አይገጥምም፤ ከየተጫዋቹ ዘንድ ተቀርጾ፣ ተለክቶና በኖታ ተጽፎ መቀመጥ አለበት። ይህን ሥራ ለመጀመርም መቱ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከጋምቤላም አዲስ አበባ ካለው ያሬድ ይልቅ የምትቀርበው እሷ ናት።