ጉድጓዱ ተቆጠረ እንጂ አልተለካም

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ደቻቱን ያውቃል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ግን በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፣ ሺዎችን አፈናቀለ። ጎርፉን ያመጣው ከከተማው በስተደቡብ ካለው ደጋ የወረደው ዝናብ ነው።

ስለዚህ እላይ ተዳፋቱ ላይ የሚቆፈር እያንዳንዱ ትሬንች፣ ማለትም ዝናቡን ይዞ ወደ መሬት የሚያሰርግ አጭር ቦይ፣ እታች ለሚኖረው ሰው ጉዳዩ ነው። ታዲያ ስለዚህ ሥራ የምንሰማው ሪፖርት ምን ይላል? «ይህን ያህል ትሬንች ተሠራ፤ ይህን ያህል ጉድጓድ ተቆፈረ» ይላል። የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ውሃን የሚይዘው የጉድጓዱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ይዘቱ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ትሬንች 3 ሜትር ርዝመት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አለው እንበል። 3 × 0.5 × 0.5 = 0.75 ሜትር ኩብ፣ ወይም 750 ሊትር ይሆናል። አሁን መሬቱ ድንጋያማ ሆኖ ስፋቱም ጥልቀቱም 40 ላይ ቆመ እንበል። 3 × 0.4 × 0.4 = 0.48 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 480 ሊትር። በዓይን ሲታይ «ትንሽ ጎደለ» የሚባል ነው። በስሌት ግን ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ ጠፍቷል።

ይህ በዝናብ ቋንቋ ምን ማለት ነው? አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 30 ሚሊ ሜትር ኃይለኛ ዝናብ 25 ካሬ ሜትር ተዳፋት ላይ ወርዶ ሁሉም ቢንሸራተት 750 ሊትር ይሆናል። የመጀመሪያው ትሬንች ልክ ይይዘዋል። ሁለተኛው 270 ሊትሩን ወደ ታች ይለቀዋል። በ1,000 ትሬንች ሲባዛ 270 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። በሪፖርቱ ላይ ግን ሁለቱም «1,000 ትሬንች» ተብለው እኩል ይቀመጣሉ።

እኩል መቀመጣቸው ለቆፋሪውም ፍርደ ገምድል ነው። አንዱ ቡድን 750 ሜትር ኩብ አፈርና ድንጋይ አውጥቷል፤ ሌላው 480። ላባቸው በቁጥር ብቻ ሲመዘን፣ ጠልቆ የቆፈረው ሰው ተበድሏል።

አንድ ነገር ላስታውስ። ትሬንች ብቻውን የ1998ቱን ጎርፍ ያቆመው ነበር ማለቴ አይደለም። የምለው፣ ምን ያህል ውሃ መያዝ እንደምንችል ካላወቅን ምን ያህሉ እንደሚያልፈን አናውቅም ነው።

ነገሩ የድሬዳዋ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በ12 ሰዓት ውስጥ በመላ አገሪቱ 353,633,660 ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ክርክሩ ሁሉ «ቁጥሩ እውነት ነው ወይ?» የሚል ነበር። ስለ ጉድጓዱ የጠየቀ ጥቂት ነው። ጉድጓዱ በሦስቱም አቅጣጫ 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 64 ሊትር ነው፤ ከሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትንሽ ይበልጣል። 30 ቢሆን ደግሞ 27 ሊትር ብቻ፣ ከግማሽ በታች። በዚያ ቀን ቁጥር ሲባዛ የመጀመሪያው 22.6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አፈር ነው፤ የሕዳሴው ዋና ግድብ ከወሰደው ወደ 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ኮንክሪት ከእጥፍ በላይ። ሁለተኛው 9.5 ሚሊዮን ነው። እርግጥ ጉድጓድ ከተከላው ቀን አስቀድሞ ይቆፈራል። ቢሆንም የችግኙ ቁጥር ሳይነካ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ 13 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አፈር ይለያያል። የችግኙ ሥር የሚያገኘው ልል አፈርና እርጥበት ያ ነው።

መለካት ሲጀመርም ሦስት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው የአሃድ ለውጥ ነው። አንድ ሜትር 100 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ብዙ ሰው ሳንቲ ሜትር ኩብን ለ100 ያካፍላል። 40 × 40 × 40 = 64,000 ሳንቲ ሜትር ኩብ ነው። ለ100 ካካፈላችሁት 640 «ሜትር ኩብ» ይወጣል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 40 ጭነት፣ ያውም ከአንድ የችግኝ ጉድጓድ! መቶው ሦስት ጊዜ ስለሚባዛ የሚካፈለው ለ1,000,000 ነው፤ መልሱ 0.064። ወደ ሊትር ከሆነ ለ1,000 አካፍሉ። ከሁሉ የሚቀለው ግን ከመጀመሪያው ሁሉንም ወደ ሜትር ቀይሮ ማባዛት ነው።

ሁለተኛው የጉድጓዱ ቅርፅ ነው። ትሬንች ወደ ታች ይጠባል። አፉ 50፣ ታቹ 30 ከሆነ አማካዩን 40 ውሰዱ። ያ 750 ሊትር ያልነው ትሬንች 600 ሊትር ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው ክምሩ ነው። አፈር ሲቆፈር ይላላል፣ ይነፋል፤ እንደ አፈሩ ዓይነት አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ የወጣውን ክምር ወይም የመኪና ጭነት ለክቶ «ጉድጓዱ ይህን ያህል ነው» ማለት ሥራውን ማጋነን ነው። የሚለካው ጉድጓዱ ነው።

«ሺህ ጉድጓድ ማን በሜትር ይለካል?» ትሉ ይሆናል። ሁሉን መለካት አያስፈልግም። ከ1,000ው ሠላሳውን ያለ ምርጫ በዕጣ አውጥታችሁ ለኩ፤ አማካዩን በ1,000 አባዙ። ከክረምት በኋላም ተመልሳችሁ ለኩ፤ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ትሬንች 15 ሳንቲ ሜትር ደለል ከተኛበት አንድ ሦስተኛ ገደማ ይዘቱን አጥቷልና ይጠረግ።

እንግዲህ በሚቀጥለው ክረምት «ይህን ያህል ሺህ ጉድጓድ» ሲባል ከማጨብጨባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በአማካይ ስንት ሊትር ይይዛል? መልሱ ሪፖርቱ ላይ ከሌለ፣ ደቻቱ በራሱ ጊዜ ይለካዋል።