እስፓንኛን ለአዋቂዎች ማስተማር፤ ስለ አንድ መማሪያ የቀረበ ሂስ

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ለማሠልጠን በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ባለ55 ክፍል የእስፓንኛ መማሪያ፣ ሱርላንዲያ በተባለች ምናባዊት አገር ሥራ የጀመረውን የጆን ኋይትን ውሎ በምልልስ ያቀርባል። ተማሪው ዐረፍተ ነገሮቹን በቃሉ ካጠና በኋላ መልመጃ ይሠራል፤ የሰዋስው ማብራሪያው ከዚያ ይከተላል። ደንቡ አንደበት ከለመደው አነጋገር የሚመነጭ በመሆኑ ዘዴው የሚመሰገን ነው።

ጉድለቱ ማብራሪያው እንግሊዝኛ ተናጋሪን ብቻ ታሳቢ ማድረጉ ነው። «አብሎ» የሚለው ግሥ፣ እንደ አማርኛው «እናገራለሁ»፣ ባለቤቱን በራሱ ይዟል። የ«ቱ» እና የ«ኡስቴድ» ልዩነትም «አንተ» ወይም «አንቺ» ከማለትና «እርስዎ» ከማለት ልዩነት ጋር ይቀራረባል። ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ በሰፊው ማተት ጊዜ ማባከን ነው። በአንጻሩ «ነው» ለማለት የሚያገለግሉት ሁለቱ ግሦች፣ «ሴር» እና «ኤስታር»፣ ብዙ ልምምድ ይሻሉ። «ኤስ አቡሪዶ» ማለት «አሰልቺ ነው» ሲሆን፣ «ኤስታ አቡሪዶ» ግን «ሰልችቶታል» ማለት ነው። ይህም ልዩነት በደንብነት ከመነገሩ ባሻገር በዕለታዊ ምልልስ ውስጥ ተደጋግሞ ሊሰማ ይገባል።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን መማሪያ ወደ አማርኛ መተርጎም ብቻ አይበቃም። አዘጋጁ አዋቂው ተማሪ ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ይዞት የሚመጣውን ዕውቀት አስቀድሞ ለይቶ፣ የትምህርቱን ጊዜ በእውነት ለሚከብደው ክፍል ሊያውለው ይገባል።